ዶ ሬ ሚ ይቆይ፤ በጨዋታ ጀምሪላቸው

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ የአፀደ ሕፃናት መምህርት ነኝ። ክፍሌ ውስጥ ከ4 እስከ 6 ዓመት የሆናቸው 50 የሚጠጉ ልጆች አሉ። ዳይሬክተራችን ዘንድሮ ሙዚቃ እንድጀምርላቸው ነግሮኛል። እኔ ግን ኖታ አላነብም። ድምፄም ለዘፈን የሚሆን አይደለም። ትምህርት ቤቱ ያለው መሣሪያ ክሩ የላላ አንድ ክራር ብቻ ነው። ዶ ሬ ሚ በማስጠናት ልጀምር ወይስ መዝሙር ከስልክ እየከፈትኩ ላዘምራቸው? አንዳንድ ወላጆች ደግሞ «ፊደል አስቆጥሩልኝ እንጂ ልጄን አታዝፍኑብኝ» ይላሉ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ምላሽ፦ እህቴ፣ ሁለቱም ይቆዩ። ዶ ሬ ሚ ጊዜው አልደረሰም። ስልኩም ለአሁኑ ቦርሳሽ ውስጥ ይቀመጥ። መጀመሪያ በእረፍት ሰዓት ግቢው ውስጥ ቁጭ በይና ልጆቹ የሚጫወቱትን ተመልከቺ። ገመድ ሲዘሉ ይቆጥራሉ። ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ እግራቸው ምት ጠብቆ ያርፋል። ሁለት ሴቶች ልጆች ፊት ለፊት ቆመው እያዜሙ መዳፍ ለመዳፍ ያጨበጭባሉ። ድብብቆሽ ላይ አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ «ኩኩሉ» ይላል፤ የተደበቁት «አልነጋም» ብለው ይመልሱለታል። ይኼ ሁሉ ሙዚቃ ነው። ምት አለው፤ ዜማ አለው፤ አውራጅና ተቀባይ አለው፤ ዝም የሚባልበት ቦታም አለው። ያንቺ ሥራ ይህንን ወደ ክፍል አስገብቶ ቅደም ተከተል ማስያዝ ነው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ምት ይቀድማል። ከዚያ ዝምታ። ከዚያ ቀጭንና ወፍራም ድምፅ፤ ቀጥሎ ዜማ፤ ቀጥሎ መሣሪያ። ኖታ የመጨረሻው ነው። ልጅ አፉን የሚፈታው ሰዋስው ተምሮ አይደለም፤ ሰምቶ፣ ተኮላትፎ፣ ከሰው ጋር አውርቶ ነው። ማንበብ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ሙዚቃም በዚሁ መንገድ ነው የሚገባው።

ይህ የኔ ፈጠራ አይደለም። ከ100 ዓመት በፊት ስዊዘርላንዳዊው ኤሚል ዣክ-ዳልክሮዝ ጄኔቫ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። ተማሪዎቹ ኖታ ያነባሉ፤ ጣታቸውም ፈጣን ነው። ምቱ ግን ሰውነታቸው ውስጥ የለም። ስለዚህ ከወንበራቸው አስነስቶ በሙዚቃው እንዲራመዱ ማድረግ ጀመረ። እግር የተማረውን እጅ ይከተለዋል የሚለው አካሄዱ ዛሬም በብዙ አገር ይሠራበታል። ለትልልቅ ተማሪዎች ያስፈለገ ነገር ለ4 ዓመት ልጅማ እጅግ ያስፈልገዋል።

ስለ ድምፅሽ ያልሽውን በአንድ በኩል እረዳለሁ፤ በሌላ በኩል ግን አትጨነቂበት። ልጅ የሚፈልገው ቆንጆ ድምፅ ሳይሆን ፊቱን እያየው የሚዘምርለት ሰው ነው። ስልክ ልጁን አያየውም። ልጁ ሲዘገይ አይጠብቀውም፤ ሲደናገር ቆም ብሎ አይደግምለትም። የተቀዱት መዝሙሮች ብዙዎቹ ደግሞ በሙሉ ባንድ የታጀቡ ናቸው፤ ትንሽ ልጅ ዜማውን ከዚያ ሁሉ ድምፅ መሃል ለይቶ ማውጣት ይከብደዋል። አንቺ ግን ትችያለሽ። ቀስ ትያለሽ፣ ትደግሚያለሽ፣ ዓይኑን ታይዋለሽ።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። እኛ ትልልቆች ስንዘምር ለራሳችን በሚመቸን ወፍራም ድምፅ እንጀምራለን። ለልጆቹ እዚያ መውረድ ይከብዳቸዋል፤ ስለዚህ ከመዘመር ይልቅ ማውራት ወይም መጮህ ይጀምራሉ። በዚህ ዕድሜ የሚመቻቸው በፒያኖ ከመካከለኛው ዶ ቀጥሎ ካለው ሬ አንስቶ በላዩ እስካለው ላ ያለው አካባቢ ነው። ፒያኖ ከሌለሽ ችግር የለም። ከለመድሽው ትንሽ ቀጠን አድርገሽ ጀምሪ። ለአንቺ በመጠኑ ሽቅብ ከሆነብሽ፣ ለእነሱ ልክ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ምቱ እንግባ። በስማቸው ጀምሪ። በክብ አስቀምጫቸውና እያንዳንዱ ልጅ ስሙን ሲናገር ሁሉም ስሙን በጭብጨባ ይመልሱለት። ሐ-ና፣ ሁለት። ሰ-ይድ፣ ሁለት። ፋ-ጡ-ማ፣ ሦስት። ለትንሽ ልጅ ስሙ በ50 ሰው እጅ ሲጨበጨብ ትልቅ ክብር ነው። ዓይን አፋሩ ልጅ እንኳን ተራውን ይጠብቃል። ከስም በኋላ ወደ ሰፈር እለፊ፤ ከዚያ ወደ ከተማ። ደ-ሴ። ባ-ቲ። ኮም-ቦል-ቻ። በመዳፍ ከለመዱት በኋላ በእግር ይርገጡት፤ ከዚያ በትከሻ። ወሎ ላይ ትከሻ ማስተማር አያስፈልግሽም፤ ልጆቹ ከእናታቸው ጀርባ ሆነው ተምረውታል።

ቀጥሎ ያለው ርምጃ ምቱን ሳያቋርጡ መቀጠል ነው። እዚህ ላይ ብዙ መምህራን ይቸኩላሉ። «ተከተሉኝ» ብለው ያጨበጭባሉ፤ ልጆቹ ይበታተናሉ፤ ከዚያ «ምት አይገባቸውም» ይባላል። ነገሩ ወዲህ ነው። የትንሽ ልጅ የተፈጥሮ ፍጥነት ከእኛ ይበልጣል። የሚመቸው አረማመድና አጨባጨብ ከትልቅ ሰው ይፈጥናል፤ ዝግ ያለ ምት መያዝ ለእሱ ፈጣኑን ከመያዝ ይከብደዋል። ስለዚህ መጀመሪያ አንቺ ተከተያቸው። ልጆቹ እንደፈለጉ በክፍሉ ውስጥ ይሂዱ፤ አንቺ በአንዱ ልጅ ርምጃ ልክ ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጊ። «አሁን የሰይድን እግር እየሰማን ነው» በያቸው። ሁሉም ሰይድን ይመስላሉ። ከዚያ የሐናን እግር። ልጆቹ ምት ከሰው ውስጥ እንደሚወጣ የሚገባቸው ያኔ ነው። ከዚህ በኋላ ቀስ በቀስ ፍጥነቱን አንቺ ትመሪዋለሽ።

መሃረቤን ያያችሁ ለዚህ ተስማሚ ጨዋታ ነው። ልጆቹ በክብ ተቀምጠዋል፤ አንዱ ጨርቅ ይዞ ይዞራል፤ እሱ ሲያወርድ የተቀመጡት ይቀበሉታል። አንቺ አንድ ነገር ብቻ ጨምሪበት። የሚዞረው ልጅ ርምጃው ከተቀባዮቹ ጭብጨባ ጋር ይግጠም። ጭብጨባው ሲፈጥን ይፍጠን፤ ሲዘገይ ይዘግይ። ጨዋታው አይበላሽም፤ እንዲያውም ይሞቃል።

አጨባጨቡ ላይ ደግሞ ልብ የምትይው ነገር አለ። ከውጭ ተተርጉመው የመጡት የኬጂ መዝሙሮች አብዛኞቹ እንደ ሰልፍ «አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት» እያሉ ይሄዳሉ። የኛ ጭፈራና ዘፈን ግን ብዙው ሦስት ሦስት ሆኖ የሚከፈል ነው፤ በኖታ ስድስት ስምንተኛ የሚሉት። ልጆቹ በሠርግና በዓመት በዓል የሰሙት ይህንን ነው። በሰልፍ ምት ብቻ ካሳደግናቸው የገዛ አገራቸው ምት እንግዳ ይሆንባቸዋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሳምንት አስገቢው። ጉልበት፣ መዳፍ፣ መዳፍ። ጉልበት፣ መዳፍ፣ መዳፍ። ጉልበት ሲመቱ ትከሻቸው አብሮ ይነሳ። ይኼን ያለ ምንም ዘፈን ብታደርጊው እንኳን ክፍሉ ይሞቃል።

ዝምታን ለብቻው አስተምሪ። እያጨበጨቡ ሲሄዱ እጅሽን ስታነሺ ሁሉም እንደ ሐውልት ይቆማሉ። የሚንቀሳቀስ የለም፣ የሚተነፍስ ድምፅ የለም። እጅሽ ሲወርድ ይቀጥላሉ። ልጆች ይኼን ጨዋታ አይጠግቡትም። መጫወት ብቻም አይደለም፤ ራስን መግታት እየተለማመዱ ነው። ለዚህ ዕድሜ ከባዱ ነገር ይኼ ነው። አንድ ነገር ግን አደራ፦ የተሳሳተን ልጅ ከጨዋታ አታስወጪ። የወንበር ጨዋታን እንዳለ ወደ ክፍል የሚያስገቡ አሉ። እዚያ ላይ ቀድሞ የሚወጣው ልምምድ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ልጅ ነው፤ ወጥቶ ጥግ ላይ ይቀመጣል፣ የቀረው ክፍለ ጊዜ ያልፈዋል። ልጆቹን አሥር አሥር አድርገሽ ክፈያቸውና በወንበር ፈንታ በጠመኔ ክብ ሥሪ። ክቡ ይቀንስ እንጂ ልጅ አይቀንስ፤ መጨረሻ ላይ አሥሩም ተቃቅፈው አንድ ክብ ውስጥ ይቁሙ።

ስለ ድምፅ ቅጥነትና ውፍረት ሰፋ አድርጌ ልጻፍልሽ፤ ብዙ ክፍል ውስጥ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ልጆችን «ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ» ካልሻቸው ይጮሃሉ። በየቤቱ የሚያውቁት ትርጉም እሱ ነው። ስለዚህ «ቀጭን» እና «ወፍራም» በዪ፤ ጩኸትና ሹክሹክታን ደግሞ ለብቻቸው አስተምሪ። ቀጭን ድምፅ በሹክሹክታ ይውጣ፤ ወፍራም ድምፅ በኃይል ይውጣ፤ ከዚያ ይገለበጥ። ሁለቱን ነገሮች ሲለያዩ ታያለሽ።

ለዚህ አንቺ ያለሽበት ቦታ የሚያስቀና ነው። ልጆቹ ወደ ደሴ ሽቅብ የሚወስደውን የሐረጎን መንገድ ያውቁታል። ሚኒባስ ሁኑ በያቸው። ከኮምቦልቻ ተነሱ፤ ድምፃቸው ወፍራም ነው፣ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ሐረጎን መውጣት ሲጀምሩ ድምፁ ሳይቆረጥ እየቀጠነ ይሄዳል፤ እጃቸውም አብሮ ይወጣል። መታጠፊያ ላይ ሰውነታቸው ያዘነብላል። ደሴ ሲደርሱ እጃቸው ጦሳ ተራራ ላይ ነው፤ ድምፃቸውም የመጨረሻው ቀጭን ላይ። ከዚያ ቁልቁል እስከ ቦርከና ወንዝ። አንድ ቀን ጭነት የያዘ ሲኖትራክ ይሁኑ፤ መውጣቱ ረጅም ትንፋሽ ይፈልጋል። ሌላ ቀን አንዱን ልጅ መሃል አቁሚውና እሱ እጁን ባወጣና ባወረደ ቁጥር ክፍሉ በድምፅ ይከተለው። ዓይን አፋር ልጅ 50 ሰው ሲመራ ፊቱን ተመልከቺው።

በዚህ ጨዋታ የሚገኘው ትልቁ ነገር የመዝፈኛ ድምፅ ነው። ብዙ ልጆች የሚያውቁት የማውሪያና የመጮኺያ ድምፃቸውን ብቻ ነው። «ኡ…» እያሉ ተራራውን ሲወጡ በመንገድ ላይ ሦስተኛውን ያገኙታል። ከሩቅ ሰው መጥራትም ያው ነው። ከወንዝ ማዶ እህቱን የሚጠራ ልጅ ሳያስበው ስሟን ያዜመዋል።

አሁን «ዜማ አልያዘም» የሚባለው ልጅ ይምጣ። በየክፍሉ አለ። 5 ዓመት ላይ የሰማውን ዜማ አስተካክሎ አለመመለስ የተለመደ ነው፤ ጆሮው ታሟል ማለት አይደለም። አብዛኛው ከጊዜና ከልምምድ ጋር ይስተካከላል። የሚያበላሸው አንድ ነገር ነው፦ «አንተ ዝም በል፣ ታበላሻለህ» መባል። ከትልልቅ ሰዎች «እኔ መዝፈን አልችልም» የሚሉትን ብትጠይቂ፣ ብዙዎቹ ይህንን የነገራቸውን ሰው ያስታውሳሉ። ያንቺም «ድምፄ ለዘፈን አይሆንም» ማለት ከዚያ እንዳይሆን እጠረጥራለሁ። እንዲህ አድርጊ። ልጁ ባወጣው ድምፅ ላይ አንቺ ሂጂለት። እሱ ያለበትን ድምፅ ያዢና አብረሽው ሁኚ። ሁለት ድምፆች ሲገጥሙ ምን እንደሚመስል ይሰማዋል። ከዚያ አንድ ደረጃ አብራችሁ ውጡ። ይህ በየቀኑ ለትንሽ ደቂቃ ከተደረገ በቂ ነው። ለክፍሉ በሙሉ ማሳየትም አያስፈልግም።

ዜማ ስትጀምሪ በአጭሩ ጀምሪ። ሁለት ድምፅ ይበቃል። የሃንጋሪው የሙዚቃ ደራሲና መምህር ዞልታን ኮዳይ እና ተከታዮቹ ትንንሽ ልጆችን ከሶል እና ከሚ ያስጀምራሉ፤ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ፣ ሰው ሲጠራ የምንሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። ኮዳይ አንድ ትልቅ ነገር አጥብቆ ይዞ ነበር፦ ልጅ የሚጀምረው በገዛ ሕዝቡ ዜማ ነው። እኛ ደግሞ ዜማ የሚቸግረን ሰዎች አይደለንም። ባቲና አምባሰል ዓለም በቅኝት ስም የሚያውቃቸው፣ ካንቺ ክፍል በአውቶቡስ የሚደረስባቸው ቦታዎች ናቸው። ማሪቱ ለገሰ የዘፈነችው አምባሰል ከዚሁ ምድር የወጣ ነው። የኮምቦልቻ ልጅ የባዕድ መዝሙር ብቻ ተምሮ ቢያድግ ያሳዝነኛል።

በየትኛው ቅኝት ትጀምሪ? በሙሉ ትዝታ። ድምፆቹ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ናቸው። ግማሽ ድምፅ የሚባለው ጠባብ ርቀት የለውም፤ ስለዚህ ለትንሽ ጉሮሮ ይቀላል። ባቲ ይከተላል፤ ግማሽ ድምፅ የሌለበት ዓይነቱ ማለቴ ነው። አምባሰልና አንቺ ሆዬ ጠባብ ርቀት አላቸው፤ ልጆቹ ይስሟቸው፣ በቤታቸውም ይስሟቸው፣ እንዲያዜሟቸው ግን አትቸኩዪ።

እዚህ ላይ ያ ክሩ የላላ ክራርሽ ይመጣል። እሱን «አንድ ብቻ» ብለሽ ማለፍሽ ደስ አላለኝም፤ በእጅሽ ያለው ለልጆች ከተሠሩ ውድ መሣሪያዎች የማይተናነስ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ካርል ኦርፍ ለልጆች ትንንሽ የእንጨት መሣሪያዎች ሲያዘጋጅ ከፋ እና ከሲ ድምፆች የሚሰጡትን እንጨቶች ማውጣት እንዲቻል አደረገ። የሚቀሩት ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ናቸው። እነዚህ አምስቱ ብቻ ሲኖሩ ልጅ የትኛውንም ቢመታ አይጋጭም፤ ሁሉም አብሮ ያምራል። እህቴ፣ ያ ሙሉ ትዝታ ነው። ክራር ደግሞ ከጅምሩ በአንድ ቅኝት የሚቃኝ መሣሪያ ነው። ስድስቱ ክሮች በሙሉ ትዝታ ሲቃኙ አምስቱን ድምፆች ይሰጣሉ፤ ስድስተኛው አንዱን በቅጥነት ይደግማል። የ4 ዓመት ልጅ ጣቱን በክሮቹ ላይ ቢጎትት ስህተት ሊያወጣ አይችልም። ስህተት የሌለበት መሣሪያ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

ስለዚህ ክራሩን አስጠግኚው። ክር ከተቆረጠ ይቀየር፤ ኮምቦልቻም ደሴም ክራር የሚመታ ሰው አይጠፋም፣ የባህል ኪነት ቡድን ውስጥ ያሉትን ጠይቂ። እንዲቃኝልሽ ብቻ ሳይሆን መቃኘቱን እንዲያሳይሽ ለምኚው። በስልክሽ ላይ መቃኛ አፕ ማውረድም ይቻላል። ከዚያ ጨዋታው ቀላል ነው። ክፍሉ ጉልበት፣ መዳፍ፣ መዳፍ እያለ ምቱን ይይዛል፤ አንድ ልጅ መሃል ተቀምጦ ክራሩን እንደፈለገ ይመታል። ጭብጨባው አንድ ጊዜ ዞሮ ሲያልቅ ለሚቀጥለው ያቀብላል። ማንም አያርመውም። በአንድ ቀን ሁሉም አይደርሳቸውም፤ ስም ዝርዝር ይዘሽ ነገ ከቀረው ቀጥዪ። ተራውን የሚያውቅ ልጅ አይረብሽም።

ሌሎቹን መሣሪያዎች ከዕቃ ሥሩ። ባዶ ቢጫ ጀሪካን ተገልብጦ ከበሮ ይሆናል፤ በዱላ ሳይሆን በመዳፍ ይመቱት። ሃይላንድ ውስጥ ጥቂት ምስር ወይም ጠጠር ጨምሪ። ክዳኑን በማጣበቂያና በፕላስተር በደንብ አሽጊው፤ ፍሬ አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ መግባት ይወዳል። በየሳምንቱ ፈትሺው። የለስላሳ ቆርኪ ተበስቶ በሽቦ ሲሰካ እንደ ፀናፅል ይንሿሿል፤ የሽቦውን ጫፍ ግን አጥፊው። ጠርሙስና መስታወት ወደ ክፍል አታስገቢ። ሃምሳውም ልጅ ባንዴ ጀሪካን ከመታ ደግሞ ለጆሮ አደጋ ነው፤ በተለይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር። አሥሩ መሣሪያ ይያዙ፣ ሌሎቹ ያጨብጭቡ፣ የቀሩት ይራመዱ። ከዚያ ቦታ ይቀያየሩ። መስማት የሚቸገር ልጅ ካለሽ ጀሪካኑን እንዲያቅፍ አድርጊው፤ ምቱ በደረቱ ይገባዋል።

ኖታ አላነብም ብለሽኝ ነበር፤ ይኸውልሽ የልጆች ኖታ። መሬት ላይ በጠመኔ አራት ክብ በተርታ ሥሪ። አንድ ክብ ውስጥ አንድ ቆርኪ ካለ አንድ ጭብጨባ ነው። ሁለት ቆርኪ ካለ በዚያው ጊዜ ውስጥ ፈጠን ያሉ ሁለት ጭብጨባዎች። ባዶ ክብ ዝምታ ነው። አንቺ በጣትሽ እየነካሽ ሂጂ፤ እነሱ ያንብቡት። ከዚያ አንዱ ልጅ ተነስቶ ቆርኪዎቹን እሱ እንደፈለገ ያስቀምጥና ክፍሉ የጻፈውን ያጨብጭብለት። በዚያች ደቂቃ የ5 ዓመት ልጅ ሙዚቃ ደረሰ፤ ሌሎች ሰዎችም አንብበው ተጫወቱለት። በኋላ ኖታ የሚጻፍባቸውን አምስቱን መስመሮች ሲያይ አይደነግጥም። ዶ ሬ ሚም እንዲሁ ነው። ያለ አንቺ እርዳታ የሚያዜሙት ሁለት ድምፅ ሲኖራቸው «ይቺ ሶል ትባላለች፣ ይቺ ሚ» ብለሽ ስም ስጪላቸው። የማያውቁትን ድምፅ ስም ማስጠናት ግን ጩኸት ብቻ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ የሚያናድደኝን ልናገር። ለምረቃ በዓል ብሎ ልጆችን ለወራት አንድ መዝሙር ማስጠናት የሙዚቃ ትምህርት አይደለም። ልጁ አፉን ከስፒከሩ ጋር ማንቀሳቀስ ይማራል፤ የተሳሳተው ከኋላ ይቆማል። ዳይሬክተርሽ ዝግጅት ከፈለገ ክፍሉ በየቀኑ የሚጫወተውን ጨዋታ ወላጆች ፊት ይጫወቱ። ወላጆችም በክቡ ውስጥ ይግቡ።

ወደ ወላጆቹ እንምጣ። «ፊደል አስቆጥሩልኝ» ላሉሽ የምትመልሺው አለሽ። ስም በጭብጨባ ሲከፋፍሉ ልጆቹ ቃልን በድምፅ እየቆረጡ መስማት እየተማሩ ነው። ኮምቦልቻ ሲጻፍ አምስት ፊደል ነው፤ ሲጨበጨብ ግን ሦስት። ይህንን በጆሮው የለየ ልጅ ሳድስ ፊደል ላይ ሲደርስ ሥራው ይቀልለታል። ምት መጠበቅ የሚችሉ ትንንሽ ልጆች የቃል ድምፆችን በመለየትም ይሻላሉ የሚለውን ተመራማሪዎች ደጋግመው አግኝተውታል። ከዚህ አልፈሽ ግን «ሙዚቃ ልጅን ጎበዝ ያደርጋል» ብለሽ ቃል አትግቢ። ሞዛርት የሰማ ሕፃን ብልህ ይሆናል የሚባለው ወሬ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ከታተመ አንድ ጥናት ነው። የተጠኑት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንጂ ሕፃናት አልነበሩም፤ የታየው ለውጥም ከሩብ ሰዓት ያልዘለለ ነው። እውነቱ ይበቃል። ልጁ ይሰማል፣ ተራ ይጠብቃል፣ ራሱን ይገታል፣ ከሌሎች ጋር አንድ ነገር ይሠራል። ይደሰታልም፤ ደስታውን እንደ ትንሽ ነገር አትቁጠሪው።

የእምነት ጉዳይ ከተነሳ አትከራከሪ፤ ጠይቂ። የኛ ክፍሎች ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎን ለጎን ይቀመጣል። አንዳንድ ሙስሊም ቤተሰብ መሣሪያ አይወድም። አንዳንድ ክርስቲያን ቤተሰብ በጾም ወቅት ጭፈራና ከበሮ አይፈልግም። እዚህ ላይ የጻፍኩልሽ አብዛኛው ነገር በመዳፍ፣ በእግርና በድምፅ ብቻ የሚሠራ ነው፤ ጨዋታዎቹም የሁሉም ሰፈር ናቸው። መሣሪያ የማይፈቀድለት ልጅ ምት ይዞ ክቡን ይምራ እንጂ ከክፍል አይውጣ። መንዙማንና የቤተ ክርስቲያን መዝሙርን ግን ለጨዋታ ማሟያ አታምጪያቸው። እዚያው በቦታቸው ክብር አላቸው።

ጊዜውን አጭር አድርጊው። በሳምንት አንድ ረጅም ክፍለ ጊዜ ከሚሰጥሽ በየቀኑ 15 ደቂቃ ለምኚ። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ሳይበረታ ጠዋት ላይ ውጪ፣ ዛፍ ሥር። እኛ ደሴዎች ጉምና ዝናብ ስለሚያባርረን ወንበር ገፍተን ክፍል ውስጥ ነው የምንጫወተው፤ ያም ይሆናል። በሞቀ ጨዋታ ጨርሰሽ ወደ ፊደል አትሂጂ። መጨረሻ ላይ እንደ እሹሩሩ ያለ ዝግ ያለ ነገር አንጎራጉሪላቸውና ትንፋሻቸው እስኪረጋ ጠብቂ።

በመጨረሻ ዝም ስለሚሉት ልጆች። በክቡ ውስጥ ተቀምጦ ለሳምንታት የማያጨበጭብ፣ የማይዘምር፣ ዝም ብሎ የሚያይ ልጅ ይኖርሻል። አታስገድጂው፣ እጁን ይዘሽም አታጨብጭቢለት። እናቱን ስትመጣ ቤት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ጠይቂያት። ብዙ ጊዜ ታናሹን አስቀምጦ ሙሉውን ጨዋታ እያስተማረው ነው የሚገኘው። ቤትም ዝም ካለ፣ ከኋላው ሆነሽ ስሙን በቀስታ ጥሪው። ካልዞረ በሌላ ቀን ድገሚው። አሁንም ካልሰማ ለወላጆቹ ንገሪያቸውና ጆሮውን ጤና ጣቢያ ያስመርምሩት።